ካህኑን ወደ ጦር ሜዳ አትግፉት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። መስቀል የያዘ ሰው ካሜራ ፊት ቆሞ «በለው፣ አትማረው» ሲል ከሥሩ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብለን እንጽፋለን። ላይክ እናደርጋለን፣ ለዘመድ እንልካለን። የሌላ ሃይማኖት ሰባኪም ሲለው ያው ነው፣ የሱም ተከታይ እንዲሁ ያጨበጭባል። አዲስ አበባ ያለነውም ዋሽንግተን ያለነውም አንለያይም። «ኧረ ታረቁ» ያለውን አባት ግን ወዲያው «ተሸጠ» እንለዋለን። ተዉ እንጂ!

በዚህ መንገድ ከኛ በፊት የሄዱ አሉ። የመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ካህናትን ታሪክ አንብቡ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከልካይ ሕግ አጥተው አይደለም። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ፣ አዎ ያ እኛ የማንቀበለው፣ ካህንና መነኩሴ ወታደር እንዳይሆን ደንግጎ ነበር። ግን በ1053 ፓፓ ሊዮ ዘጠነኛ ራሱ ጦር አስከትቶ ወጣና ጣሊያን ውስጥ ቺቪታቴ ላይ ኖርማን የሚባሉት ተዋጊዎች ማረኩት። በ1066 የባዩ ጳጳስ ኦዶ ከእናቱ ልጅ ከኖርማንዲው መስፍን ከዊሊያም ጋር እንግሊዝ አገር ሄስቲንግስ ዘመተ፤ ፈረስ ላይ ሆኖ፣ ዱላ ይዞ ወጣቶቹን ሲያደፋፍር በጥልፍ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ይታያል። የቦቬው ጳጳስ ፊሊፕ ደግሞ በእንግሊዙ ንጉሥ በሪቻርድ ሰዎች እጅ ሲወድቅ ፓፓው «ልጄን ልቀቅልኝ» ብሎ ቢልክ፣ ሪቻርድ የጳጳሱን የብረት ጥሩር ሰዶ «ይህ የልጅህ ልብስ እንደ ሆነ እስኪ እየው» አለው ይባላል። የዮሴፍን ልብስ ለያዕቆብ እንዳሳዩት መሆኑ ነው። መልስ የለውም።

ይህ ሁሉ ግን ሊያስቀን ይችላል። የማያስቀው የካርዲናል ፔላጊዮ ነገር ነው።

በ1218 የመስቀል ጦረኞች፣ ኢየሩሳሌምን ከሙስሊሞች እጅ ለማስመለስ የዘመቱት የአውሮፓ ክርስቲያኖች፣ ግብፅ ወርደው የወደብ ከተማዋን ድምያጥን ከበቡ። ፔላጊዮ የፓፓው እንደራሴ ሆኖ መጣ። የግብፁ ሱልጣን አል-ካሚል ሲጨንቀው ምን አለ? «ግብፅን ልቀቁልኝ፣ ኢየሩሳሌምን ልስጣችሁ።» እስቲ አስቡት፣ ለሷ ብለው ነው እኮ ባሕር የተሻገሩት! በማዕረግ የኢየሩሳሌም ንጉሥ የነበረው ዣን ደ ብሪየን፣ የጦር ሰው ነውና፣ እንቀበል አለ። ካርዲናሉ እንቢ አለ። ቴምፕላር የሚባሉት ተዋጊ መነኮሳትና ጣሊያኖቹም ከሱ ጋር ቆሙ። በ1219 ከተማይቱ ስትያዝ ደግሞ ጭራሽ ልቡ አበጠ። ከምሥራቅ ዳዊት የሚባል ክርስቲያን ንጉሥ ለእርዳታ እየገሰገሰ ነው የሚል ወሬ በሰፈሩ ተነዛ፣ ትንቢት የሚባል መጽሐፍም ይነበብ ጀመር (የዛሬውን የዩቲዩብ ትንቢት አስታወሳችሁ?)። ከምሥራቅ እየመጣ የነበረው ግን የጄንጊስ ካን ጦር ነበር።

በ1221 ክረምት ወደ ካይሮ እንሂድ ተባለ። ዣን ቢከራከርም አልተሰማም። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ነሐሴ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለኛ ነጋሪ አያሻንም፤ ከኛ ደጋ ተጠራርጎ የወረደው የአባይ ውሃ ሞላ፣ ግብፆቹ የመስኖውን በር ከፈቱት፣ ያ ሁሉ ሠራዊት ጭቃ ውስጥ ተወሸቀ። እጅ ሰጡ። ድምያጥንም መለሱ። ለተራበው ወታደር እንጀራውን የላከለት ያው «ጠላት» የተባለው አል-ካሚል ነበር፤ ይህን የጻፈው ደግሞ አብሯቸው የዘመተ ካህን ነው።

ፔላጊዮ ክፉ ሰው ስለነበር አይመስለኝም። ንጉሥ ሲዋጋ ስንቁን ይቆጥራል፣ ሲያዋጣው ይታረቃል፣ ግማሽ ቢያገኝ ይበቃዋል። በእግዚአብሔር ስም የተዋጋ ሰው ግን እንዴት ብሎ ግማሽ ይቀበል? ትናንት «የሰይጣን ወገን» ካለው ጋር ዛሬ በምን አፉ ይደራደር? እናንተ ካህኑን «በለው» ሲል ስታጨበጭቡለት ይህን በር ነው የምትዘጉበት። ነገ ሽማግሌ ሲፈለግ ማንን ልትልኩ ነው?

«አድዋስ? አቡነ ማቴዎስ አልዘመቱም ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዘምተዋል፣ ታቦትም ወጥቷል። የሚዋጋውንና የሚታረቀውን ቀን የሚቆርጠው ግን ምኒልክ ነበር። መቀሌ ላይ ተከቦ ውሃ የጠማውን የጣሊያን ጦር ከነመሣሪያው በሰላም የለቀቀው እሱ ነው። አጠገቡ ፔላጊዮ ቢኖር ያን ውሳኔ ባልሰማን።

ኢየሩሳሌምን በ1229 ያስመለሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፓፓው ያወገዘው ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሁለተኛ፣ ከዚያው ከአል-ካሚል ጋር ተነጋግሮ፣ ከሱልጣኑ ጋር አንድም ውጊያ ሳይገጥም ነው። የኢየሩሳሌሙ የካቶሊክ ፓትርያርክ ደስ ይለዋል ስትሉ ከተማይቱ ውስጥ ቅዳሴ እንዳይቀደስ ከለከለ። እኛም እኮ ዛሬ «ታረቁ» ያለውን አባት የምናወግዘው እንዲሁ ነው።