ፎሙ የሶላር ፓነልን አይሸከምም

ጣሪያ ላይ የሚረጭ ፎም (ሙቀትንና ውሃን የሚከላከል አረፋ) ሲደርቅ ስለሚጠነክር የሶላር ፓነሉን እግር እዚያው ላይ በብሎን ማሰር ይበቃል የሚለው ሐሳብ እየተደጋገመ ነው። በአክብሮት ላርመው፤ ትክክል አይደለም። ፎሙ ሙቀትንና ውሃን ይከላከላል እንጂ የጣሪያው ተሸካሚ አካል አይደለም። ነፋስ ከፓነሉ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ሲገፋ ብሎኑ ፎሙን ፈልቅቆ ሊወጣ ይችላል፤ ስንጥቁም ለዝናብ በር ይከፍታል። እግሩ ፎሙን አልፎ ከሥር ካለው ብረት፣ እንጨት ወይም ኮንክሪት ጋር መያያዝ አለበት፤ ቢቻል ፎሙ ከመረጨቱ በፊት። ጣሪያው ቀድሞ ፎም ካለው የተከፈተው ቦታ ተሞልቶ መከላከያ ቅቡ ይመለስ፤ ፀሐይ ያገኘው ፎም ይፈረፈራልና። ለማረጋገጥ ሥራው ሳይጀመር ባለሙያውን የማሰሪያውን ንድፍ ይጠይቁት። የብሎኑ ጫፍ ፎም ውስጥ የሚቀር ከሆነ እባክዎን ሥራውን ያስቁሙ።