«ክሊር ነው?» ብለን ብቻ አንለፈው

ባሕር ዳር ውስጥ ፍላሽ ይዞ ፊልም ሊያስጭን የገባ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ክሊር ነው?» ይላል። መልሱ ከቀበሌ 14 እስከ ፔዳ በር ያው ነው፦ «4ኬ ነው ወንድሜ፣ አትጠራጠር»። ሰውየውም አይጠራጠርም። ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ግን ጨለማ ትዕይንት በመጣ ቁጥር የተዋናዩ ፊት ካሬ ካሬ ይሆናል፤ ንግግሩ አይሰማም፤ ፍንዳታው ደግሞ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ግማሽ ላይ ያጠፋውና በማግስቱ ለጓደኞቹ «ፊልሙ ደባሪ ነው» ይላቸዋል።

ያ ፊልም ተበድሏል። ፊልሙ ሌላ፣ እጃችን የገባው ኮፒ ሌላ ነው። በየዩቲዩቡ ፊልም የሚተቹ ልጆቻችን ስለ ታሪኩ፣ ስለ ተዋንያኑ፣ ስለ ዳይሬክተሩ ግማሽ ሰዓት ያወራሉ፤ ያዩት ኮፒ ምን ዓይነት እንደነበር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አይወጣቸውም። ቤት ውስጥ የሚታይ ፊልም የምስሉና የድምፁ ጥራት ለብቻው መመዘን አለበት ባይ ነኝ። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጣና ዳር ያደገ ሰው ዓይኑም ጆሮውም ሳያውቀው ሠልጥኗል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። 4ኬ ማለት ምስሉ ወደ ጎን 3840፣ ወደ ታች 2160 ነጥቦች አሉት ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አይነግረንም። ነጥቦቹ በምን እንደተሞሉ የሚነግረን ቢትሬት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰከንድ የተመደበው የመረጃ መጠን። የ2 ሰዓት ፊልም 2 ጊጋባይት ሆኖ ከተጫነ፣ ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ በአማካይ 2.2 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል። ያረጀው ዲቪዲ እንኳ ለምስል ብቻ በሰከንድ እስከ 9.8 ሜጋቢት ይፈቅዳል፤ ያውም ለ720 በ576 ነጥብ። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ብሉ ሬይ የተባለው ዲስክ ለምስል እስከ 40 ይደርሳል፤ በ2016 የወጣው የ4ኬ ብሉ ሬይ ደግሞ ከ100 ሜጋቢት ሊያልፍ ይችላል። እርግጥ ኤች 265 የተባለው አዲሱ የመጭመቂያ ዘዴ ከቀድሞው ኤች 264 ጋር የሚቀራረብ ጥራት በግማሽ ያህል መረጃ ስለሚሰጥ፣ የፋይሉ ክብደት ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ቢሆንም በ2 ሜጋቢት 4ኬ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። አንዳንዱማ ከትንሽ ምስል ተለጥጦ ስሙ ብቻ 4ኬ የተባለ ነው።

ይህን ለማጣራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፊልም ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ቀኝ ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲቴይልስ የሚለውን መክፈት ነው፤ የምስሉ ስፋት፣ ቢትሬቱ፣ የድምፁ ቻናል (ለየስፒከሩ የተለየው የድምፅ መስመር) ብዛት ብዙውን ጊዜ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ቪኤልሲ የተባለው የፊልም ማጫወቻም ያሳያል። ፊልም ጫኚው ይህን ስትጠይቁት ፊቱ ከጠቆረ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ደግሞስ 4ኬው እውነተኛ ቢሆን ከየት ሆነን ነው የምናየው? 43 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ጤነኛ ዓይን ከ1.7 ሜትር ገደማ በላይ ሲርቅ የ1080ን (ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥብ ያለውን ምስል) ነጥቦች እንኳ ለይቶ ማየት ያቅተዋል። የኛ ሶፋ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው፤ ቴሌቪዥኑ ከማዶኛው ግድግዳ፣ መሐል ላይ ጠረጴዛ፣ ከዚያም ረከቦት። 3 ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ ርቀት ላይ በቂ ቢትሬት ያለው 1080 የተራበውን 4ኬ ይበልጠዋል።

እኔ ምስል የምፈትነው በውኃ ነው። ምስል የሚጨምቅ ሶፍትዌር ቦታ የሚቆጥበው ከአንዱ ፍሬም (ፊልሙ ከተሠራባቸው ተከታታይ ፎቶዎች አንዱ) ወደ ቀጣዩ ያልተለወጠውን ነገር ደግሞ ባለመጻፍ ነው። ግድግዳ አይለወጥም፣ የቆመ መኪና አይለወጥም፤ ለእነዚህ ጥቂት መረጃ ይበቃል። ውኃ ግን እያንዳንዱ ቅንጣቱ በየራሱ አቅጣጫ ይሄዳል፤ የሚደገም ነገር የለውም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ምን እንደሚመስል የማያውቅ ባሕር ዳሬ የለም፤ ትንንሽ ሞገድ፣ በየጫፉ ብልጭታ፣ ከሥር ጥቁር ጥላ። ማንኛውም ፊልም ውስጥ ሐይቅ ወይም ወንዝ ሲመጣ እዚያ ላይ አተኩሩ። መረጃ ያነሰው ኮፒ ላይ ብልጭታው ይጠፋል፣ ውኃው በካሬ ተከፋፍሎ ይንቀጠቀጣል፣ ካሜራው ሲቆም ደግሞ እንደገና ይጠራል። ዝናብና የዕጣን ጭስም በዚሁ መንገድ ያጋልጡታል።

ሁለተኛው ፈተና የምሽት ሰማይ ነው። ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስትገባ ከብርቱካናማ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚደረገው ሽግግር ድንበር የለውም። 8 ቢት ምስል ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ 10 ቢት 1024 አለው። 8 ቢቱ ላይ ክፉኛ ሲጨመቅ ሰማዩ በቀለበት በቀለበት ይሰነጠቃል። ይህን አንዴ ካያችሁት በኋላ አለማየት አይቻልም፤ ስላሳየኋችሁ ይቅርታ።

ፈተናው ግን ከቴሌቪዥኑ ጥፋት መለየት አለበት። ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ ተብሎ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ላይ ተደርጎ የነበረው ቴሌቪዥን ቤት መጥቶም እንደዚያው ይኖራል። ነጠላው ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የጠይም ሰው ጉንጭ ይቀላል፣ የድርና ማጉ መስመር ነጩ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ማንም ፍርድ ከመስጠቱ በፊት «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» የሚለው ላይ ያድርገው፤ የመጀመሪያውን ቀን የደበዘዘ ይመስላል፣ ከሳምንት በኋላ ወደ ቀድሞው መመለስ ያስጠላል። ከላይና ከታች የሚታየው ጥቁር መስመርም ጉድለት አይደለም፤ ፊልሙ የተቀረጸበት ቅርጽ ነው። እሱን ለማጥፋት ብሎ ምስሉን የሚለጥጥ ሰው ተዋንያኑን ያለ ቁመታቸው ያስረዝማቸዋል።

ወደ ድምፅ ስንመጣ ጉዳዩ ይብሳል፤ እኔም የምበሳጨው እዚህ ላይ ነው። ዶልቢ ዲጂታል 5.1 ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። አምስቱ ቻናሎች ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ እና ሁለት የጎን ናቸው፤ «ነጥብ አንድ» የሚባለው ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተለየው ነው። ንግግር በአመዛኙ የሚወጣው ከመሐሉ ነው። የጎኖቹ ቦታቸው ከአድማጩ ግራና ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ አለፍ ብሎ ነው።

አንድ ዘመድ ቤት ለበዓል ተጠርቼ ሄጄ አምስቱም ስፒከሮች ቡፌው ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው፤ ከብርጭቆዎቹና ከሠርጉ ፎቶ ጎን። የመሐሉ ከአበባ ማስቀመጫው ጀርባ ተሸጉጧል። ባሱ ዳንቴል ለብሶ የሪሞት ማስቀመጫ ሆኗል። ጋሼ «አምስት ነጥብ አንድ ነው ልጄ፣ እንዴት ነው ድምፁ?» አሉኝ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የዋት ብዛትም ነገሩኝ፤ እውነት ቢሆን የቤቱ ቆጣሪ አይችለውም ነበር። ፍላሹ ላይ ያለው ፊልም ደግሞ ባለ ሁለት ቻናል ነው፤ ስለዚህ አምስቱም ሣጥኖች ያንኑ ሁለት ድምፅ ተካፍለው ይጮኹ ነበር። ፈቃዳቸውን ጠይቄ የኋለኞቹን ሁለት ገመዳቸውን በምንጣፉ ሥር አሳልፌ ከሶፋው ግራና ቀኝ አደረግኋቸው፤ የመሐሉን ከቴሌቪዥኑ ሥር። ከዚያ ትክክለኛ 5.1 ያለው ፋይል ከፈትኩ። ፊልሙ ውስጥ በር ሲንኳኳ እትዬ «ማነው?» ብለው ተነሡ።

የቻናሉ ብዛት ሲቀነስ የሚጎዳው የፍንዳታው ግርማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። ስድስቱ ወደ ሁለት ሲጨመቁ መሐል ላይ ብቻውን የነበረው ንግግር ከሙዚቃና ከተኩስ ጋር አንድ ላይ ይገባል። በግዴለሽነት ከተሠራ ሹክሹክታው ይሰምጣል። ለዚህ ነው ሪሞት ከእጃችን የማይወርደው፤ ሲያወሩ እንጨምራለን፣ ሲተኩሱ እንቀንሳለን። በዚህ ላይ ክረምት አለ። የሲኒማ ድምፅ የሚቀመረው ፀጥ ላለ አዳራሽ ነው፤ በለሆሳሱና በጩኸቱ መካከል ያለው ልዩነትም ሰፊ ነው። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ ቤተሰብ ለሆሳሱን የሚሰማበት ዕድል የለውም። ብዙ መሣሪያዎች «ናይት ሞድ» የሚባል ልዩነቱን የሚያጠብብ ማስተካከያ አላቸው፤ ስሙ አያሳስታችሁ፣ ለዝናብም ይሠራል። የድምፅ ጥራት የሚመዝን ሰው ግን አጥፍቶ ይመዝን።

ጆሮን በተመለከተ ብዙ መማር አይጠበቅብንም። በጥምቀት ታቦት አጅቦ የወረደ ሰው ጸናጽል ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ እያንዳንዱ ቅንጭል ለብቻው ይሰማል፣ ከዚያ ይከስማል። ድምፅ ሲጨመቅ ቶሎ የሚጎዱት እንዲህ ያሉ ቀጫጭንና አጫጭር ድምፆች ናቸው፤ ተጣብቀው አንድ ረጅም «ሽሽሽ» ይሆናሉ። ከበሮውም ሰፊው አፉና ጠባቡ አፉ የተለያየ ድምፅ አላቸው፤ ሁለቱን አንድ «ቡም» የሚያደርግ ባስ ፊልሙንም እንደዚያው ያደርገዋል። መንዙማ ያዳመጠ ሰውም በድቤው ሊፈትነው ይችላል። አዲስ ስፒከር ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ የሚያሰማችሁን ዘፈን ተዉትና የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

«ታሪኩ ከገባን ምን ቸገረን?» የሚሉኝ አሉ። ታሪኩ የሚገባው በንግግሩና በፊት ገጽታ ነው እኮ። ገዳዩ ስሙን በሹክሹክታ ሲናገር ካልተሰማ፣ ጨለማው ውስጥ የቆመችው ሴት እያለቀሰች መሆኗ ካልታየ፣ የትኛው ታሪክ ነው የገባን?

ሌላም አለ፤ ፍላሽ ላይ የምናስጭነው አብዛኛው ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የተባዛ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ይከለክላል። በሕጋዊው መንገድ ኔትፍሊክስ ለ4ኬ በሰከንድ 15 ሜጋቢት መስመር ይመክራል፤ መስመሩ ሲደክም ጥራቱን ራሱ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ በስትሪሚንግ አይቶ የሚተችም ሰው በምን መስመር እንዳየው ቢነግረን ደግ ነው።

የራሳችንን ፊልሞች በተመለከተ ግን ሰበብ የለንም። ፍቅረኞች ጣና ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ ስንቱን አየን! ነፋሱ ማይኩን እየመታ «ፉፉፉ» ይላል፣ ያንን ለመሸፈን ክራር ወይም ኪቦርድ ይጫንበታል፣ በመጨረሻ የልጅቷ መልስ አይሰማም። የደንገሉ ኮሽታ፣ የወፎቹ ድምፅ፣ ከሩቅ የሚመጣው የሞተር ጀልባ የት ሄዱ? እዚያ ቁጭ ያለ ሰው ግራና ቀኙን፣ ኋላውን የሚከብበው እሱ ነው። 5.1 ይሁን አላልኩም። በጥሩ ስቴሪዮም (በሁለት ቻናል) ሐይቁን ማምጣት ይቻላል፤ ማይክ ላይ የነፋስ መከላከያ ማልበስና ሰው ከሄደ በኋላ የአካባቢውን ድምፅ ሁለት ደቂቃ ለብቻው መቅዳት ብቻ ይጠይቃል።

ምስሉን የሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር አለ። ዩቲዩብ የሚጫንለትን ሁሉ እንደገና ይጨምቃል፤ ለ4ኬ የሚመድበው ቢትሬት ግን ለ1080 ከሚመድበው ይበልጣል። ፊልማቸውን በ4ኬ የቀረጹ ፕሮዲውሰሮች ወደ 1080 አሳንሰው ከሚጭኑ በዋናው ይጫኑት። ድምፁንም ሚክሱን ከመዝጋታቸው በፊት ዝናብ ሲወርድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በቴሌቪዥኑ በራሱ ስፒከር አንዴ ይስሙት። ንግግሩ ካልተሰማ ሙዚቃውን ይቀንሱ።