«መኪናህ ምን ሆነች?»

መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በምክንያት ነው፤ ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ በየመንገዱ የሚገጥመኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «መኪናህ ምን ሆነች?» የሚል ነው። በታክሲ ግፊያ ቁልፌ እየተበጠሰ በኖርኩባቸው ዓመታት ስለ መኪናዬ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። ብስክሌት ላይ ስወጣ ግን ሰው ሁሉ አንድ መኪና ሰጠኝ፤ ወዲያው መልሶ ነጠቀኝና ያጽናናኝ ጀመር።

ማጽናናቱም ደረጃ አለው። የመሥሪያ ቤት ሰዎች «ስፖርት ጀመርክ?» ይላሉ። ይኼ የጨዋ አጠያየቅ ነው፤ ማምለጫ ቀዳዳ ትተውልሃል። «አዎ» ብለህ ሆድህን መታ መታ አድርገህ ማለፍ ነው። ትንሽ የሚቀርቡህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐኪም አዞልህ ነው?» ይሉና፣ ስኳር ይሁን ደም ግፊት ለመለየት ዓይን ዓይንህን ያዩሃል። ዘመድ ከሆነ ጥያቄም የለም፤ ከንፈር መምጠጥ ብቻ። አክስቴ አንድ ቀን ፌርማታ ላይ ቆማ አውቶቡስ ስትጠብቅ በፊቷ አለፍኩ። በማግስቱ እናቴ ደወለች።

«ልጄ፣ ችግር ካለ ለምን አትነግረንም?»

«ምንም ችግር የለም እማዬ። ብስክሌት ገዝቼ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ!»

ልጅ ሳለን ነገሩ ሌላ ነበር። ብስክሌት ያለው ልጅ የሀብታም ልጅ ነው፤ እኛ ተከራዮች ነን። ሜዳው ዳር ሰዓት አስሮ የሚያከራየን ጎረምሳ «ሞልቷል፣ ውረድ!» ሲል የሚሰማንን ሐዘን ዛሬ ቤት የሚከራይ ሰው ያውቀዋል። ብስክሌቶቹ ፍሬን የሚባል ነገር ስላልፈጠረባቸው የምናቆማቸው በጫማችን ሶል ነበር። ስለዚህ የኪራዩ ሒሳብ ጫማም ይጨምራል። ያን ጊዜ እናቴ «ችግር ካለ» አላለችም። ያነሳችው ቀበቶ ነው።

አዲስ አበባ ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ናት ብዬ አልዋሽም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ ያለው እንጦጦ 3,000ን አልፎ ሄዷል። አየሩ ስስ ነው፣ መሬቱ ደግሞ ቁልቁለት ሲሰጥህ ዳገቱን በብድር መዝገብ ይጽፍብሃል። ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ይዤ ወደ ለገሃር ስወርድ ንጉሥ ነኝ። ነፋሱ ኮቴን ይነፋዋል፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ ለስሙ አርፏል፣ በመኪና ተቆልፈው የቆሙትን ሰዎች እንደ አጥር እንጨት እየቆጠርኩ አልፋለሁ። ማታ ያው መንገድ ሒሳቡን ይጠይቀኛል። ጠዋት የተሸከመችኝን ማታ እኔ እየገፋሁ እመልሳታለሁ። በዚህ ሁኔታ ላብ በላብ ሆኜ ያየኝ አንድ ወያላ፣ ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ ጠራኝ።

«ብሮ! ግባ፤ የሁለት ሰው ግን ትከፍላለህ!»

«የማንን?»

«የሚስትህን!»

ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ትንፋሽ ስላጠረኝ ሳቄ ሳል መሰለ። አንዲት ሴትዮ በመስኮት «እግዜር ይማርህ» አሉኝ።

ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ ጎሚስታ ጋ ትሄዳለህ። መቼም በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል ያደረግናቸው ሰዎች በካላማዳሪ በኩል ሾልከው ነው የተመለሱብን፤ ጎማውም የእነሱ ቃል፣ ጎሚስታውም የእነሱ ቃል። የእኛ ሆኖ የቀረው ወረፋው ነው። የሰፈሬ ጎሚስታ መጀመሪያ የሲኖትራኩን ይሠራል፣ ቀጥሎ የሚኒባሱን፣ ቀጥሎ ከእኔ በኋላ የመጣውን ቪትዝ። «እኔ እኮ ቀድሜ ነበር» ስለው፣ «አንተማ ምን ያስቸኩልሃል?» ይለኛል። የቸኮለ ሰው ብስክሌት አይነዳም ማለቱ ነው። በመጨረሻ ካላማዳሪውን ነፍቶ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋ የሚተፋበትን ቦታ በጣቱ ይዞ ይጠይቀኛል፦ «ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?»

የኮሪደር ልማት ሲመጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋ አደረግሁ። የብስክሌት መንገድ ተሠራ፤ ቀለም ተቀባ፣ ብስክሌትም ተሳለበት። መንገዱ እጅግ ያምራል፤ ማማሩ ነው ጦሱ። የሠርግ ፎቶ የሚነሳው እሱ ላይ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ትናንት የተለያዩበትን ጨዋታ ጎን ለጎን ሆነው የሚቀጥሉት እሱ ላይ ነው። አንድ ቀን የብስክሌቱ ሥዕል ላይ ሁለት እግሩን አንፈራጦ ስልክ የሚያወራ ሰው ገጠመኝ። ደወሌን አቃጨልሁ። ዞር ብሎ ከእግር እስከ ራሴ ካየኝ በኋላ፣ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ «ወንድም፣ መንገድ የለህም?» አለኝ። ወደ አስፋልቱ ወረድኩ። አስፋልቱ ላይ ያለው ሾፌር ደግሞ መስታወት ዝቅ አድርጎ «መንገድ ተሠርቶልህ የለ እንዴ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሁለቱን ባገናኛቸው እንዴት ደስ ባለኝ።

ለነገሩ ብስክሌት የሚከበርበት ቀንም አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚባለው እሑድ መንገዱ ለመኪና ይዘጋል፤ ሰዉ በቱታ ይወጣል፣ ባለሥልጣኑም ሄልሜት ያጠልቃል፣ ካሜራውም ይከተላል። በዚያ ቀን ስነዳ ሰው ያጨበጭብልኛል። በማግስቱ ሰኞ፣ በዚያችው ብስክሌት፣ በዚያው መንገድ፣ አጨብጫቢዎቼ ከንፈር ይመጥጡልኛል። እሑድ ጤናዬን የጠበቅሁ ሰው በአንድ ሌሊት እንዴት እንደምቸገር አይገባኝም።

የግቢያችን አዛውንት ብቻ ይረዱኛል ብዬ ነበር። ብስክሌቷን ሳጸዳ በአጥር በኩል አይተውኝ ፊታቸው በራ። «ብስክሌተኛውን ገረመው ደንቦባን በዚህ ዓይኔ ዓይቼዋለሁ» አሉ። «አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን፣ በ1949፣ ብስክሌተኞቻችን ነበሩበት። አበበ ቢቂላ ሮም በባዶ እግሩ ሳይሮጥ በፊት!» ብስክሌቷን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ እኔንም ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ደረቴ ተነፋ።

«እና አንተስ ውድድርህ መቼ ነው?»

«ውድድር የለኝም ጋሼ። ሥራ ነው የምሄድባት።»

«ሥራ?» ከዘራቸውን አነሱ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አይዞህ፣ የወንድ ልጅ ነገር እንዲህ ነው» ብለውኝ ገቡ።

ባሕር ዳር ግን ሌላ አገር ነው። ሜዳ ነዋ! መምህሩም ተማሪውም ነጋዴውም ከጣና ዳር በሚመጣው ነፋስ ሸሚዙን እያውለበለበ ይነዳል፤ ማንም ማንንም አያጽናናም። ሦስት ቀን ተከራይቼ ስዞር ያስቆመኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያውም የኋላ ጎማዬ ንፋስ እንደቀነሰ ሊነግረኝ። ስለ መኪናዬ ምንም አላለኝም። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ለካ ለምጄው ኖሯል።

ነዳጅ ጠፍቶ በከረመበት በዚያ ሰሞን ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንድ ወዳጄን ማደያ ተሰልፎ አገኘሁት። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ብስክሌቴን አየና «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል» አለኝ። አሜን ብዬ አለፍኩ። ከቀኑ 11 ሰዓት ስመለስ እዚያው አለ። በእሱ አያያዝ ያለፈው አራት መኪና ብቻ ነው።

«ጎበዝ፣ ብስክሌቷን አሥር ደቂቃ አውሰኝ» አለ። «ከወዲያ ያለው ማደያ ቦቴ ገብቶለታል ይላሉ፤ አይቼ ልምጣ።»

ቁልፉን ሰጠኝ፣ ወረፋውን አደራ አለኝ፣ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ እየተንገዳገደ ሄደ። መሪው ኋላ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ይመቻል። ክርኔን መስኮቱ ላይ ደገፍ አደረግሁ፤ እጅ እንዲህ የሚሆነው ለካ ሳይታወቅ ነው። በዚህ መሐል በእግረኛው መንገድ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት መጣች። አክስቴ ናት። አየችኝ፣ ቆመች፣ ዘንቢሏን አስቀምጣ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ተመስገን! ይኼን አሳየኝ! ለእናትህ አሁኑኑ ነው የምደውልላት!»

ላስረዳት አፌን ስከፍት ከፊቴ ያለው መኪና አንድ ክንድ ያህል ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላ ክላክስ ጮኸ። ባስነሳት አትነሳም፤ ጠብታ ነዳጅ የላትም። ወረድኩና በአንድ እጄ መሪ ይዤ መግፋት ጀመርኩ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ገባችና አብራኝ ትገፋለች፤ እየገፋች ትመርቀኛለች።

«ከሰው ዓይን ይሰውራት ልጄ! ከዚያ ከብስክሌት ያወጣህ አምላክ!»