ክርክር፦ የጎንደር ባዶ ቦታ ከባለሀብት ጋር ይልማ?

ጎንደር መሃል ከተማ ያሉ የመንግሥት ቦታዎችን መንግሥትና የግል ኩባንያ አብረው ቢያለሙስ? አንድ ወጣት መሐንዲስና አንድ ጡረተኛ መምህር በጽሑፍ ተሟግተዋል።

መሐንዲሱ፦ ወደ ፒያሳ ስወርድ የማልፈው አንድ የቆርቆሮ አጥር አለ። ቆርቆሮው ዝጓል። በቀዳዳው ሲያዩ ያለው አረምና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። መንግሥት መሬት አለው፣ ገንዘብ የለውም። ባለሀብቱ ደግሞ በተቃራኒው። ታዲያ ምን አጣላቸው? የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076 እንደሁ በ2010 ወጥቷል። መሬቱም አይሸጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይከለክላል። ኩባንያው ይሠራል፣ በውሉ ዘመን ይጠቀምበታል፣ ከዚያ ያስረክባል። ከከሰረም ኪሳራው የራሱ ነው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ አጥሩን አውቀዋለሁ። ጥጉ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ሽንኩርት በመደብ የምትሸጠዋንስ አይተሃታል? አዋጅ 1161/2011 መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ቀድመው እንዲያለሙ መብት ይሰጣል። ጥሩ ነው። ግን ለባለይዞታ ነው። የእሷ ካርታ ጃንጥላዋ ነው! ኪሳራው የራሱ ነው ያልከውንም ውሉን ሳላይ አላምንም። «ገቢው ካነሰ እደጉማለሁ» የሚል አንድ መስመር ከገባበት፣ ከፋዩ እኔና አንተ ነን። ፋሲል ግቢ ደግሞ ከ1972 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ጎኑ ላይ የመስታወት ፎቅ ገትረን ግንቡን ልናሳንሰው ነው?

መሐንዲሱ፦ በውሉ ነገር እውነትዎን ነው ጋሼ። ከመፈረሙ በፊት ይፋ ይውጣ። የፎቁም ከፍታ በፕላን ይገደብ። ለሽንኩርት ሻጮችም ምድር ቤቱ ላይ ቦታ እንዲሰጥ በውሉ ይጻፍ። ግን ፒያሳን ይዩት፤ ጣሊያን በአምስት ዓመት የሠራቸውን ሕንፃዎች እስከ ዛሬ እየተገለገልንባቸው ነው። እኛ አንዷን ቦታ አጥረን ስንት ዓመት እንቀመጥ?

መምህሩ፦ ጣሊያን ማንን ጠይቆ ሠራ? እሱንማ ምሳሌ አታድርግብኝ። ምድር ቤት ያልከው ግን አልከፋኝም። ኪራዩን ንገረኝና ሽንኩርት ተሸጦ የሚከፈል ከሆነ አጥሩን አብሬህ አፈርሳለሁ።