ቀን የተቆረጠለት ግብር

የምኖረው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ስቴት፣ ዴካልብ ካውንቲ ነው። ሐበሻ ከሚበዛበት ክላርክስተን ብዙም አልርቅም። በፈረንጅ አቆጣጠር በኖቬምበር 2023 ልመርጥ ገብቼ ስክሪኑ ላይ ያላሰብኩት ጥያቄ መጣብኝ። በምንገዛው ዕቃ ላይ ከዶላሩ አንድ ሳንቲም የሚቆረጠው ግብር ለ6 ዓመት ይቀጥል ወይስ ይቅር?

ሁለቴ አነበብኩት። ግብር ልክፈል ወይ ብሎ ሰው ጠይቆኝ አያውቅማ!

ነገሩ ስፕሎስት ይባላል። ጆርጂያ ውስጥ በፈረንጅ ከ1985 ጀምሮ በሕግ አለ። እኛ ካውንቲ መጀመሪያ የጸደቀው በ2017 ነው። 6 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል እንደገና ለመራጩ ቀረበ። ግብር ጊዜው ሲያልፍበት ያየሁት እዚህ ነው። ወተት ነው እንዴ? ወደ 850 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰበሰብ ተገምቷል። ለመንገድ፣ ለእሳት አደጋ ጣቢያ፣ ለመናፈሻ፣ እንዲህ ላለ ሥራ ነው። ለደመወዝ ማዋል አይቻልም። ይቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

አገር ቤት ሰፈራችን ለኮብልስቶን ስናዋጣ ማን ጠየቀን? የኮሚቴው ሰዎች ደብተር ይዘው በር አንኳኩ፣ ከፈልን። ጎደለ ተባለ፣ ደገምን። ድንጋዩ ተነጠፈ፤ እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ቧንቧ ሊቀብሩ መጥተው ቆፈሩትና ክምሩን ትተውልን ሄዱ። ደረሰኙ እስከ ዛሬ እናቴ መሳቢያ ውስጥ አለ። ለማን እንደምታሳየው እንጃ።

አሜሪካን እያወደስኩ እንዳይመስል። የሽያጭ ግብራችን 8 ከመቶ ነው። 4ቱ የስቴቱ፣ ቀሪው የዚሁ የአካባቢያችን፤ አንዱ ለባቡርና ለአውቶቡስ፣ አንዱ ለትምህርት ቤት፣ እያለ ይሄዳል። ስቴቱ ለቤት በሚገዛ አስቤዛ ላይ የራሱን 4 ይተዋል፤ የአካባቢው ግብር ግን እንቁላልም ወተትም ላይ አለ። ደሃውም ሀብታሙም እኩል ሳንቲም ነው የሚከፍለው። ግሪን ካርድ ያለው ጓደኛዬ ደግሞ እንደኔው ይከፍላል፣ መምረጥ ግን አይችልም። «ለኔ ያው ቀበሌ ነው» ይላል። እኔ መንገድ ላይ ያለው ጉድጓድም እስካሁን ጎማዬን እየበላው ነው።

ግን ተጠየቅኩ። ለምን እንደሚውል ተነገረኝ፣ መቼ እንደሚያበቃም ተነገረኝ። ይሄን እኮ እናውቀዋለን! እድራችን እንዲህ አይደል? ወርሃዊው ክፍያ ሊጨመር ሲል ስብሰባ ይጠራል፣ እጅ ይወጣል፣ ገንዘብ ያዡ ቆሞ ሂሳብ ያስረዳል። የጎደለ እንደሆነ ዳኛውን አፋጠው የሚይዙ ሽማግሌ አይጠፉም። ለድንኳንና ለወንበር ያልጠፋ ደንብ ለመንገድ ሲሆን የት ገባ?

እኔ «ይቀጥል» ብዬ መረጥኩ። ብዙው ሰውም እንደኔ መረጠ፣ አለፈ።

ባለፈው እናቴ ደወለች። ደግሞ ለመንገድ መብራት መዋጮ ተጀምሯል አለችኝ።

«እማዬ፣ እስከ መቼ ነው? ለምን ለምን እንደሚውል ጠይቂያቸው እስቲ» አልኳት።

ሳቋን ለቀቀችው። «አይ ልጄ! ይልቅ ብሩን ቶሎ ላክልኝ፣ ሰዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ።»

ላክሁ። የሃዋላውን ኮሚሽን ጨምሬ።