ሃምሳ ዶላር ያዋሃዳቸው

እኔ ዛሬ ለማመስገን ነው የመጣሁት። ሰው የአሜሪካ ሀበሻን ትዳር ሲያማ ነው የሚውለው፣ ተፋቱ፣ ፖሊስ ተጠራ፣ ኮርት ገቡ ምናምን፣ እስቲ አንዴ እንኳ ጥሩ ጥሩውን እናውራ። ካገቡ ጀምሮ ሁለት ኪስ ይዘው የኖሩ ባልና ሚስት በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ኪስ ሲሆኑ የታየው የት ሀገር ነው? ሽማግሌ አላስታረቃቸው፣ የንስሃ አባት አልመከራቸው። ከዩኤስሲአይኤስ፣ ከአሜሪካ ኢሚግሬሽን መስሪያ ቤት፣ አንዲት ደብዳቤ መጣች፣ በቃ። የግሪን ካርድ ኢንተርቪው፣ ፌርፋክስ ወይ ባልቲሞር፣ በዚህ ቀን በዚህ ሰአት፣ ጋብቻችሁ የእውነት ለመሆኑ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ።

ከደብዳቤው በፊት ትዳሩ የጨዋ ትዳር ነበር። ጨዋ ስላችሁ ገንዘብ አይጠያየቁም ማለቴ ነው። እሱ ኡበር ነድቶ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ፓርኪንግ ገብቶ ስንት እንደሚያገኝ እሷ አታውቅም፣ ብትጠይቀው "ስራ ቀዝቅዟል" ነው የሚላት፣ ስራው ካገባት ቀን ጀምሮ እንደቀዘቀዘ ነው። እሷም ብትሆን ነርሲንግ ሆም ደብል ስትገባ የኦቨርታይሟን ነገር አፏ ላይ አምጥታው አታውቅም፣ እቁብ እንደምትጥል እሱ የሰማው ወንድሟ አዲስ አበባ ባጃጅ የገዛ ጊዜ ነው። እሱ በበኩሉ አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር አካባቢ በታላቅ ወንድሙ ስም እየከፈለው ያለ ቤት አለ፣ ያንን ደሞ እሷ እንደምታውቅ እሱ አያውቅም። ኪራይ እሱ፣ አስቤዛ እሷ፣ ስልክ በየግል፣ አለቀ። ባልና ሚስት ከአንድ ባህር ይቀዳሉ ይባል የለ? ይቀዳሉ፣ ግን ሁሉም የየራሱን ጀሪካን ይዞ ነው የሚወርደው።

ይሄን አሜሪካ አመጣው የሚል ካለ ተሳስቷል፣ ከቤት ይዘነው የመጣነው ነው። ሀገር ቤት እኮ የቤተሰብ ህጉ፣ አዋጅ 213/1992፣ ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው ብሎ ቁጭ አድርጎታል። ያ አንቀጽ ግን ሰው ትዝ የሚለው ሲፋታ ብቻ ነው።

እና ደብዳቤው ይመጣል። ሎየሩ ይደወልለታል፣ እሱም የሚለው የታወቀ ነው፣ የሁለታችሁ ስም ያለበት የቤት ሊዝ (የኪራይ ውል ማለቱ ነው)፣ የጋራ ንብረት፣ የተቀላቀለ ገንዘብ፣ ልጅ ካለ በርዝ ሰርተፊኬት፣ የሚያውቋችሁ ሰዎች በመሃላ የጻፉት ደብዳቤ። የኢሚግሬሽን ደንቡ ውስጥ እነዚህ በምሳሌነት ነው የተዘረዘሩት፣ የግድ ጆይንት አካውንት፣ የጋራ የባንክ ሂሳብ፣ ክፈቱ ያለ የለም፣ ኦፊሰሩ ሁሉንም ባንድ ላይ አይቶ ነው የሚመዝነው። ግን የኛ ሰው "የተቀላቀለ ገንዘብ" የሚለውን ሲሰማ ሌላው ሁሉ ከጆሮው ይጠፋል።

አርብ ከሰአት ሁለቱም ከስራ ፈቃድ ወስደው ባንክ ይሄዳሉ። አለባበሳቸውን ብታዩ ለመልስም እንዲህ አላማረባቸው። የባንኳ ልጅ ፈገግ ብላ ለመክፈቻ ስንት ታስገባላችሁ ስትል ይተያያሉ። እሱ "እስቲ አንቺ ጣል አርጊ" በሚል አይን፣ እሷ "ባሉ ማን ሆነና" በሚል አይን። በመጨረሻ ሃያ አምስት ሃያ አምስት አዋጥተው ሃምሳ ዶላር ትገባለች። አያቶቻችን በሰማንያ ነበር የሚጋቡት፣ እነዚህ በሃምሳ ተገላገሉ። በሁለቱም ስም ዴቢት ካርድ ይታዘዛል፣ ካርዶቹ በፖስታ ሲመጡ ኮፒ ይነሱና ወደ መሳቢያ ይገባሉ።

ሎየሩ ደሞ አካውንቷ እንቅስቃሴ ያስፈልጋታል ይላል። ዜል የሚባለው በስልክ ገንዘብ መላላኪያ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ሰኞ እሱ ወደ ጋራው ሁለት መቶ ዶላር ይልካል፣ ሜሞው ላይ "ለኪራይ፣ የኔ ፍቅር" ብሎ ይጽፋል። ሮብ እሷ ያንኑ ሁለት መቶ አውጥታ ወደሱ ትመልሳለች፣ "ለግሮሰሪ፣ ሆዴ"። ቤት ውስጥ "አንተ" እና "ስሚ" ብቻ የሚባባሉ ሰዎች ስቴትመንት ላይ እንዲህ ሲፋቀሩ ማየት እኮ ያስለቅሳል። ያቺ ሁለት መቶ ዶላርም የትራክ ሹፌር የማይሄደውን መንገድ ሄዳ ኢንተርቪው እስኪደርስ አንዲት ሽንኩርት ሳትገዛ ትመለሳለች።

የሊዙ ነገር ላይ ደሞ ለአከራዮቻችንም ምስጋና ይድረሳቸው። ግማሹ ሰው የሚኖረው የሌላ ሀበሻ ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ ውሉ በቃል፣ ክፍያው በካሽ። ጋሼ እባክዎ የኔንና የባለቤቴን ስም ያለበት አንድ ወረቀት ይጻፉልን ሲባሉ ጋሼ ይደነግጣሉ፣ "ልጄ እኔን ወረቀት ውስጥ አታስገቡኝ፣ ታክሱስ?" ይላሉ። ለሰርግ በሬ የጣሉ ሰውዬ ናቸው እኮ፣ መርቀው የዳሯቸው! አንድ ጣራ ስር እንደሚኖሩ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ በጣራው በኩል ሁሉንም ይሰሙታል፣ ግን በመንግስት ፊት አላየሁም አልሰማሁም ነው።

ታክሱንም ሳናደንቅ አናልፍም። አንድ ሰው በአንድ አመት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ባለትዳር፣ ለአይአርኤስ፣ ለታክስ መስሪያ ቤቱ፣ ሲንግል መሆን ይችላል። ልጅ ያለው ደሞ "ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ"፣ ብቻውን ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ተብሎ ይሞላለታል፣ ሪፈንዱ ደህና ስለሚመጣ። እስከ ዲሴምበር 31 ያገባ ሰው አመቱን ሙሉ እንዳገባ ነው የሚቆጠረው፣ ግን ታክስ የሚሰራልን ሰውዬ "ማን ያየዋል" ይላል። ማን እንደሚያየው ኢንተርቪው ላይ ይገለጥለታል፣ ኦፊሰሯ የታክስ ትራንስክሪፕቱን ገልበጥ አድርጋ "እዚህ ጋ ሲንግል ይላል" ስትል። ከዚያ በኋላ ነው 1040-ኤክስ የሚባል የማስተካከያ ፎርም መኖሩ የሚሰማው።

ግን እኔ በጣም የምወደው ምእራፍ አይ 864 ነው። የስፖንሰር ፎርም። ባል ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 125 በመቶ እንደማያንስ የታክስ ወረቀቱን አያይዞ፣ ሚስቴን እኔ እችላታለሁ ብሎ የሚፈርምበት። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ሚስት የባሏን ደሞዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በአይኗ የምታየው፣ ያውም ኮፒ ልታደርግ ላይብረሪ ማሽኑ ጋ ቆማ።

"ይሄ ያንተ ነው?"

"ግሮስ ነው እኮ እሱ፣ ከታክስ በፊት ነው።"

"እሺ ከታክስ በኋላስ?"

"መኪናው አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ ጋዙ አለ..."

"የእህቴ ምርቃት ጊዜ መቶ ዶላር ስጠኝ ስልህ ከየት አባቴ ላምጣ ያልከኝ ይሄን እየበላህ ነው?"

ይሄን የመሰለ ግልጽነት ማን አመጣው? መንግስት ነው ያመጣው። እግዜር ይስጠው! ከሰርጉ በፊት ሊወራ የሚገባውን ወሬ አንድ ፎርም አስወራቸው። ያም ሆኖ ባልየው ፎርሙን ሳያነብ ነው የሚፈርመው። ለገዛ ወንድሙ የመኪና ብድር ዋስ ሁን ቢባል ሶስት ሰው የሚያማክር ሰውዬ፣ ያቺ ፊርማ ብትፋታም እንደማትፋታ ማን ይንገረው? ግዴታው የሚቀረው እሷ ዜጋ ስትሆን፣ ወይ ወደ አስር አመት ገደማ የሚሆን 40 ኳርተር ስራ ሲቆጠርላት፣ ወይ ሀገሩን ጥላ ለሁሌው ስትሄድ፣ ወይ ከሁለት አንዳቸው ሲሞቱ ነው። ፍቺ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቄሱ እስከ ሞት ድረስ ሲሉት አሜን ያለው በዜማ ስለነበረ ነው፣ እዚህ ግን በእስክሪብቶ ነው አሜን ያለው።

የጓደኞች የምስክር ደብዳቤም አለ። ድሮ ቢያንስ እንግሊዝኛው ይሰባበር ስለነበር የሰው እጅ እንዳለበት ያስታውቅ ነበር፣ አሁን ቻት ጂፒቲ መጥቶ ሶስት ጓደኛ ሶስት ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሶስቱም ላይ ፍቅራቸው "ጽኑ መሰረት ላይ የቆመ" ነው፣ ሶስቱም "ያለ አንዳች ጥርጣሬ" ይመሰክራሉ። አንደኛው እኮ የሚያውቀው ባልየውን ብቻ ነው፣ ሚስትየዋን ሰርግ ላይ ከሩቅ አይቷታል፣ ስሟን በቴክስት ጠይቆ ነው ያስገባው።

ከኢንተርቪው በፊት ያለው ማታ ደሞ ማትሪክ ነው። ጥያቄዎቹ ፕሪንት ተደርገው ይመጣሉ፣ ልጆቹ ይተኛሉ፣ ጥናት ይጀመራል።

"መብራት የሚከፍለው ማን ነው?"

"እኛ።"

"እኛ አይባልም፣ ከየትኛው አካውንት ነው ትልሃለች።"

"ከጋራው።"

"ጋራው ላይ እኮ ያለው 38 ዶላር ነው!"

ኦፊሰሯ ከተጠራጠረች ለየብቻ አስገብታ አንድ አይነት ጥያቄ ትጠይቃቸዋለች፣ መልሱን ታስተያያለች። ኒውዮርክ ላይ በፈረንጆቹ ከ1976ቱ የፍርድ ቤት ስምምነት ጀምሮ ይሄ ነገር ስቶክስ ኢንተርቪው ነው የሚባለው። የኛ ሰው እሱን ይፈራል እንጂ ለሀበሻ ባልና ሚስት ለየብቻ መጠየቅ ብርቅ አይደለም፣ ስለ ገንዘብ ሁሌም ለየብቻ ነው የሚናገሩት።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር፣ ምስጋናውን ለአንድ አፍታ ገታ አድርጌ። እነዚህ ሰዎች የእውነት ተጋብተዋል እኮ። ይደባበቃሉ፣ ግን ተደባብቀውም ይረዳዳሉ። ደብረ ብርሃን ላሉት ለባሏ እናት በየበአሉ ዶሮ መግዣ የምትልከው እሷ ነች፣ በራሷ ስም፣ ደረሰኙን መኪናው ውስጥ ጥላው ከቡና ስኒ ጋር ይጣላል። የሷን የነርስ ረዳት ኮርስ የከፈለው እሱ ነው፣ በራሱ ክሬዲት ካርድ፣ አሁንም ወለድ እየቆጠረበት ነው። የእሷ እቁብ ሲወጣ ነው የሱ መኪና ቅድሚያ የተከፈለው። ደንቡ ከዘረዘራቸው በኋላ መጨረሻ ላይ ሌላ ማንኛውም ማስረጃ ብሎ በሩን ክፍት ትቶታል፣ የአማች ሀዋላ ደረሰኝ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ፍቅረኛ ለማስመሰል ለሰው እናት ስንት ፋሲካ የሚልክ የት ታያላችሁ? "እንዴ ይሄማ ያሳፍራል፣ የድሀ ወረቀት ነው" ይሉና እሱን ጥለው ሃምሳ ዶላሯን በፕላስቲክ ፎልደር ይዘው ይሄዳሉ።

በፔፐር፣ ለግሪን ካርዱ ብቻ ብለው፣ የተጋቡትን ደሞ ብታዩአቸው ፋይላቸው ያስቀናል። ሊዝ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ አስራ ሁለት ወር ስቴትመንት በየወሩ ተደርድሮ፣ ፎቶው በአልበም። በፈረንጆቹ የ1986ቱ የጋብቻ ማጭበርበር ህግ እስከ አምስት አመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ስላለበት፣ ከተያዘ ደሞ ወደፊት የእውነት ቢያገባ እንኳ በሩ ስለሚዘጋበት፣ ሰውዬው ወረቀቱን እንደ አይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። የእውነቶቹ ግን በልባቸው ተማምነው ባዶ እጃቸውን ይገባሉ፣ ላብ በላብ ሆነው ይወጣሉ።

ደግነቱ ያልፋሉ። ኦፊሰሯ ሁለቱ ስለ ሽሮ ጨው ሲከራከሩ ሰምታ ትስቅና እሺ ትላለች፣ ሃምሳ ዶላሯን ዞር ብላም አላየቻት። ካርዱ ይመጣል፣ ጋብቻው ሁለት አመት ስላልሞላው የሁለት አመት ካርድ። እልልታ። በማግስቱ ዜሉ ይቆማል፣ "ሆዴ" ይቆማል፣ ስራ እንደገና ይቀዘቅዛል፣ ጋራዋን አካውንት መሳቢያ ውስጥ ካሉት ካርዶቿ ጋር ሁሉም ይረሳታል።

ባንኩ ግን አልረሳትም። ሂሳቧ ከዝቅተኛው በታች ስለሆነ በየወሩ አስራ ምናምን ዶላር አገልግሎት እያለ ይቆርጥላታል፣ 38ቷ አልቃ ከዜሮ በታች ትወርዳለች፣ ደብዳቤ ይላካል፣ ማንም አይከፍተውም፣ ሌላ ይላካል። ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው የሁለት አመቱን ካርድ ወደ ቋሚ የሚያስለውጠውን ፎርም፣ አይ 751ን፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አስገቡ፣ የጋራ ማስረጃ አምጡ ሲባል ቤቱ ይታመሳል፣ መሳቢያው ይገለበጣል፣ እና ያ ፖስታ ይገኛል። የሁለቱም ስም፣ የሁለቱም አድራሻ፣ የማይካድ የጋራ እዳ። አንተ ክፈል አንቺ ክፈዪ እያሉ ሎየሩ ቢሮ ድረስ እየተጨቃጨቁ ይዘውት ሄዱ፣ ሎየሩ አነበበው፣ ከፎቶውም ከጓደኞቹ ደብዳቤም በላይ ፋይሉ አናት ላይ አስቀመጠውና "እስካሁን ካመጣችሁት ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው፣ ገና እንዳትከፍሉት" አላቸው።