ድራይሱት መልበስ ምኑ ያስቃል?

እኔ የምለው፣ ሰው ድራይሱት (ውሃ የማያስገባ ሙሉ ልብስ) ለብሶ ሲታይ ምኑ ነው የሚያስቀው? በእውነት ታክቶኛል።

ዛሬ ከቡድናችን ጋር ካያክ፣ ያቺን ጠባብ ጀልባ፣ ልንቀዝፍ ስንወጣ ፀሐይ ነበረች፣ አዎ። አየሩም ሞቃት ነበር። ውሃው ግን 8 ዲግሪ ነው! ካያክ ሲገለበጥ የሚወደቀው ውሃው ውስጥ እኮ ነው። ታዲያ የምለብሰው ለየትኛው ነው?

ከኛ ጋር በቁምጣና በቲሸርት የመጣ አንድ ሰውዬ ነበር። የኔ ልብስ ዚፑ ከኋላ ትከሻ ላይ ስለሆነ ብቻዬን አልዘጋውም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ሰው መለመን አለብኝ፣ ዛሬ ደግሞ አጠገቤ የነበረው እሱ ነው። ጎተት አድርጎ «ተዘግቷል» አለኝ። እሺ ብዬ ቁጢጥ አልኩና የአንገቱን ላቴክስ (ውሃ እንዳያልፍ አንገት ላይ ልጥፍ የሚለውን ስስ ጎማ) በጣቴ ከፈት አድርጌ ውስጥ የቀረውን አየር አስወጣሁ። ፉስስስ አለ። ይሄ የግድ ነው። አየሩ ካልወጣ ውሃ ውስጥ እግር ላይ ይሰበሰብና መዋኘትም ካያኩ ላይ መልሶ መውጣትም መከራ ይሆናል። እሱ ግን ሳቁን ለቀቀው።

«እህት፣ ጨረቃ ላይ ልትወርጂ ነው እንዴ?»

«ውሃው ቀዝቃዛ ነው» አልኩት።

«እኔ እንኳን ዋና እችላለሁ። አንቺ አትችይም መሰለኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ሁሉም! አስተባባሪያችን ደግሞ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ተዋት፣ እሷ ፈሪ ናት» አለ። በሰው ፊት!

ቆይ፣ አላለቀም። አየሩን አስወጥቼ ስነሳ ልብሱ ሰውነቴ ላይ ልጥፍ ማለት ነበረበት። ግን ተመልሶ ተነፋ። ጠረጠርኩና ሌላ ልጅ እንድታይልኝ ለመንኳት። ዚፑ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ነው! እንደዛ ሆኜ ብገለበጥ ውሃው በጀርባዬ ይገባና ከስር የለበስኩት ሱፍ ሁሉ ይርስ ነበር። «ተዘግቷል» ላለኝ ለባለቁምጣው ስነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ውይ፣ ይሄን ያህል?» አዎ፣ ይሄን ያህል! ድራይሱት እኮ ራሱ አያሞቅም። ሥራው ውሃ አለማስገባት ነው፣ የሚያሞቀው ከስር ያለው ልብስ ነው፣ እሱ ከራሰ ምኑን ለበስኩት?

ዋና መቻል የሚሉት ነገር ደግሞ ደሜን ያፈላዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ ነው አየር የሚስበው። ያኔ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው፣ የፈለገውን ያህል ዋናተኛ ይሁን። ጎርደን ጊዝብሬክት የሚባለው ካናዳዊ ተመራማሪ 1፣ 10፣ 1 ብሎ አስቀምጦታል፦ ትንፋሽ ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር እስኪከዳ 10 ደቂቃ ገደማ፣ ሰውነት ቀዝቅዞ ራስን እስኪያስት 1 ሰዓት ገደማ። ባለቁምጣው በዚያች 10 ደቂቃ ውስጥ ካያኩ ላይ ካልወጣ መቅዘፊያውን የሚይዝበት ጣት አይኖረውም። ላይፍ ጃኬቱንም እኮ አልለበሰውም፣ ካያኩ ላይ አስሮት ነው የዋለው!

«ትቀቀያለሽ» የሚሉኝም አሉ። አዎ፣ ይሞቃል። ሲሞቀኝ ውሃ እላዬ ላይ እረጫለሁ፣ አለቀ።

ደግሞ እኮ ይሄን ልብስ መያዝ ራሱ ሥራ ነው። ያቺ የተዋሰችኝ ልጅ ቅባታም የፀሐይ ክሬም ተለቅልቃ ለብሳው የአንገቱ ላቴክስ ተልፈስፍሶ ነው የመለሰችልኝ። ቅባት ላቴክስ ይበላል፣ ነግሬያታለሁ! በሌላ ቀን ልክ ውሃ ዳር ስለብሰው ቷ ብሎ ተቀደደና ሰው ሁሉ ሲቀዝፍ እኔ ዕቃ ጠባቂ ሆኜ ዋልኩ። ሴት ስትሆኚ ደግሞ ሽንት የመጣ ዕለት ሌላ ጣጣ ነው፣ ላይፍ ጃኬቱን አውልቀሽ፣ የኋላውን ዚፕ ከፍተሽ፣ ወንዶቹ «ምን ትሠራለች እስካሁን» እያሉ። እሱንስ ልተወው፣ ለምጄዋለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ዛሬ ማንም ባለመገልበጡ ሰውዬው ልክ የሆነ መምሰሉ ነው። ስንመለስ «አየሽ፣ ምንም አልሆንኩም» አለኝ። ነፋስ ስላልነበረ ነው፣ ወንድሜ!

ለአስተባባሪው ጽፌለታለሁ። የውሃውን ሙቀት ከመውጣታችን በፊት ካልነገረን፣ ለውሃው ያልለበሰውንም ከዳር ካልመለሰ፣ እኔን እንዳይጠራኝ። አንብቦታል። እስካሁን መልስ የለም።